«ወደ ፈተና አታግባን»፦ ልጅን ከእግዚአብሔር ጋር የማጫወት መመሪያ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ አንድ እሑድ ማታ ተኮሳትሮ አልጋው ላይ ተቀመጠ። «አልጸልይም» አለ። ምን ሆንክ ስለው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«በየቀኑ ‹ወደ ፈተና አታግባን› እለዋለሁ። ነገ ግን የሒሳብ ፈተና አለን።»

ሳቄን ዋጥኩት። ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ። ይህ ልጅ በአራት ዓመቱ «አባታችን ሆይ»ን ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ድገምላቸው» እያልኩ ስንቴ አስጨብጭቤለታለሁ። ምን እያለ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። እሱ ደግሞ ለብቻው ቃሉን ተርጉሞ፣ አምኖ፣ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ተቀይሟል። ከሁለታችን እየጸለየ የነበረው እሱ ነበር።

ከዚያ ማታ በኋላ አካሄዴን ቀየርኩ። እዚህ የምጽፈው በሁለት ልጆች ላይ ሞክሬ ያየሁትን ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ምሳሌዎቼም ከዚያው ቤት ናቸው። መምህር አይደለሁም። የሃይማኖት ጥያቄ ሲከብዳችሁ ንስሐ አባታችሁ አሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ዘዳግም 6፥7 ላይ ስለ እግዚአብሔር ቃል ሲናገር «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። «ተጫወተው» የምትለዋን ልብ በሉ። በእኛ ቋንቋ ጨዋታ የልጅ መቦረቅም ነው፣ የሁለት ሰው ወግም ነው። ልጅ ደግሞ ሁለቱንም ይችላል። የሚያስቸግረን እኛ ነን።

1. መጀመሪያ እናንተ ስትጸልዩ ይስማ

ለአንድ ሳምንት ምንም አታስተምሩ። «ና ጸልይ» አትበሉ። እሱ ባለበት፣ ድምፃችሁን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጸልዩ። በቃ።

እኔ ጸሎት የተማርኩት ከአያቴ ነው። አስተምራኝ ግን አታውቅም። ገና ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ምሥራቅ ትቆማለች። ውዳሴ ማርያሙን በሹክሹክታ ታደርሳለች። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። ሹክሹክታው ስም መጥራት ላይ ሲደርስ ጆሮዬን አቆማለሁ። የአጎቶቼን ስም፣ የጎረቤት ስም፣ ከዚያ የኔን። በዚያ ጨለማ ስሜ ሲጠራ የሚሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጃችሁም ስሙን ከጸሎታችሁ መካከል ይስማ።

«ስትጸልይ ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» ተብሏል እኮ የሚል አይጠፋም። ትክክል፣ ማቴዎስ 6፥6 ነው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ብትወጡ ግን የተነገረው ለማን እንደሆነ ታያላችሁ፤ ለሰው ለመታየት መንገድ ማዕዘን ላይ ቆመው ለሚጸልዩ ነው። የገዛ ልጃችሁ መንገደኛ አይደለም።

ከባዷን ዓረፍተ ነገርም አትሸሽጉት። «ዛሬ ደክሞኝ ልጄ ላይ ጮኽኩ። ይቅር በለኝ» ብዬ ስጸልይ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ምንም አላለኝም። ማታ ግን መጥቶ ክንዴ ሥር ገባ።

አንድ ወጥመድ አለ። ጸሎት አሽሙር እንዳይሆን። «አምላኬ ሆይ፣ ልብሱን መሬት የሚጥል ልጅ አለኝና ልቡን መልስልኝ» ብትሉ ልጁ መልእክቱ ለእሱ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። እግዚአብሔርን ተላላኪ አደረጋችሁት ማለት ነው። ለልጁ የምትሉትን ለልጁ በሉት።

2. ቦታና ሰዓት ምረጡ፤ ግን አታብዙት

ከቤቱ አንድ ጥግ ይበቃል። ከተቻለ በምሥራቅ በኩል። የጌታችንና የእመቤታችን ሥዕል በልጁ ዓይን ልክ ዝቅ ተደርጎ ይሰቀል። እኛ ቤት ሥዕሉ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጁ አንገቱን ሰብሮ ነበር የሚያየው። ጧፍ ካበራችሁ ልጁን ከጧፍ ጋር ብቻውን አትተዉት። ነጠላ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፤ እነዚህ ለልጅ ከቃል በላይ ይናገራሉ። «ለምን ጫማ እናወልቃለን?» ብሎ ከጠየቀ የሙሴንና የሚነድደውን ቁጥቋጦ ታሪክ ለማምጣት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት። ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ባለው መሠረት፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ መኝታና መንፈቀ ሌሊት። ለልጅ ሁለት ይበቃዋል፤ ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቱ በፊትና ከመተኛቱ በፊት። ከሌላ ልማድ ጋር እሰሩት። እኛ ቤት ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ነው። «ሲመቸን» ካላችሁ አይመቻችሁም።

ለሦስት ዓመት ልጅ አንድ ደቂቃ። ለስምንት ዓመት ልጅ አምስት። «ትንሽ እንጨምር» እስኪል አቁሙ። ምናልባት አንድ ቀን ይላል።

3. ማማተብ፦ እጁን ይዛችሁ

ቃል ከማወቁ በፊት እጁ ይማር። ከኋላው ተንበርከኩ። የቀኝ እጁን በእጃችሁ ውስጥ ያዙና ጣቶቹን አመሳቅሉለት። ግንባሩ ላይ አሳርፉት። ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ወደ ግራ ትከሻ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ቀስ ብላችሁ፦ «በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን»።

ትርጉሙን ከእንቅስቃሴው ጋር ንገሩት። ከላይ ወደ ታች፦ ጌታ ከሰማይ ወደ እኛ ወረደ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ከጨለማ ወደ ብርሃን አሻገረን። ልጅ በእጁ የሠራውን ታሪክ አይረሳውም። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብም አሳዩት። ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የታሰረላት ነው። የክርስትና ስሙን ያን ጊዜ ንገሩት። ልጄ የክርስትና ስሙን ሲያውቅ ሚስጥራዊ ስም እንዳለው ሰላይ ነበር የኮራው።

ከዚያ በኋላ ማማተብ ወደ ጎዳና ይወጣል። አንድ ቀን በሚኒባስ ታክሲ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ስናልፍ ሾፌሩ ራሱን ዝቅ አደረገ። ረዳቱ ብር በያዘበት እጁ አማተበ። ከኋላ ያሉት እናት ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ልጄ ዞር ዞር ብሎ አየና «ሁሉም ያውቁታል እንዴ?» አለኝ። እግዚአብሔርን ማለቱ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እግዚአብሔር የኛ ቤት ሰው ይመስለው ነበር።

4. «አባታችን ሆይ»ን ፍቱለት፤ በሳምንት አንድ መስመር

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

ደቀ መዛሙርቱ አዋቂዎች ነበሩ። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ «ጌታ ሆይ… እንጸልይ ዘንድ አስተምረን» ብሎ ጠየቀ፤ ሉቃስ 11፥1። ስለዚህ ልጃችሁ አልገባኝም ቢል ከጥሩ ሰዎች ጋር ነው። ግን አማርኛው ራሱ ለልጅ ወጥመድ አለበት። ቃላቱ ከቤትና ከሬዲዮ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ሌላ ነው።

*አባታችን ሆይ።* ትንሿ ልጄ ለረጅም ጊዜ «አባታችንሆይ» የእግዚአብሔር ስም ይመስላት ነበር። «ሆይ» መጥሪያ እንደሆነ አሳይዋቸው። ከጓሮ ሆናችሁ «እማዬ ሆይ!» እያሉ ይጥሩ፣ እናንተም «አቤት» በሉ። ሁለት ቀን ተጫውተነው ነበር። ከዚያ «እግዚአብሔርም አቤት ይላል?» ተብዬ ተጠየቅኩ። መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልጆቻችንን አያታቸውን «እርስዎ»፣ መምህራቸውን «እርስዎ» እንዲሉ እናስተምራለን። እግዚአብሔርን ግን «ስምህ ይቀደስ» እንላለን። አንተ! ከሁሉ የሚበልጠውን አንተ እንለዋለን። ልጄ ይህን ራሱ አስተውሎ «ባለጌ አይባልም?» አለኝ። እኛ ቤት አባቱን አንተ ነው የሚለው። «አባትህን ለምን አንተ ትለዋለህ?» አልኩት። «አባቴ ነዋ» አለ። ከዚያ ዝም አልኩ። ገብቶታል።

*መንግሥትህ ትምጣ።* ልጅ መንግሥት ሲሰማ ዜና ላይ ያየውን ነው የሚያስበው። የኔው «የኛ መንግሥት ሊቀየር ነው?» ብሎኛል። እንዲህ ፈታሁለት፦ የእግዚአብሔር መንግሥት ማለት እሱ የሚለው የሚሆንበት ቦታ ነው። ማንም ማንንም የማይገፋበት፣ ማንም የማይራብበት። «ክፍላችሁ ውስጥ መንግሥቱ ብትመጣ ምን ይቀየራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስትሰሙ ስለ ክፍሉ የማታውቁትን ብዙ ታውቃላችሁ። እኔ ምሳውን የሚቀማው ልጅ እንዳለ ያወቅኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

*ፈቃድህ ይሁን።* ለልጅ ፈቃድ ማለት አባቱ ከሥራ ሲያርፍ የሚወስደው ነው። «የምትፈልገው ይሁን» በሉት። እሱ ከፈለገው ይልቅ እግዚአብሔር የፈለገው ይሁን ማለት ቀላል እንዳልሆነም አትደብቁት። ለእኛም ቀላል አይደለም።

*የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ።* ይቺ ስጦታ ናት። ልጁን እንጀራ ሲጋገር አጠገባችሁ አቁሙት። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲዞር፣ ዓይን ሲያወጣ፣ አክንባሎው ሲከደን ይይ። ጤፉን ማን ዘራው? ዝናቡን ማን ሰጠ? ማን ፈጨው? ከዚያ «የነገን አልጠየቅንም፣ የዛሬን ብቻ ነው የጠየቅነው» በሉት። «የዕለት» ማለት ያ ነው። እንጀራ የምትገዙ ከሆነም ችግር የለም፤ ከሱቅ ይዞ ሲመጣ ገና ለብ ያለውን በእጁ ይንካው።

*እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል።* እዚህ ላይ እህትና ወንድም ከተጣሉ ቆም በሉ። አንድ ማታ ሁለቱ ተኳርፈው ነበር። እዚህ መስመር ላይ ሲደርሱ ትልቁ ዘሎት አለፈ። «እኔ እንደሱ አላልኩም፣ ስለዚህ አልዋሽም» አለ። አልተቆጣሁትም። ብዙ አዋቂ እየዋሸ የሚያልፈውን መስመር እሱ በሐቅ ዘለለው። በማግስቱ ታርቀው አንድ ላይ አሉት።

*ወደ ፈተና አታግባን።* ለዚህኛው ያን እሑድ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው መልስ የፈለግኩት። «ይህ የወረቀት ፈተና አይደለም። መጥፎ ነገር ለማድረግ ሲያምርህ፣ ‹ማንም አያየኝም› የሚል ሐሳብ ሲመጣብህ፣ እሱ ነው ፈተና» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ከጎኔ የተቀመጠውን ልጅ ወረቀት ማየት?» አለ። እሱን ነው!

በዚህ አካሄድ ጸሎቱን ለመጨረስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባችኋል። ይፍጅ። ቃሉን በየቀኑ ሙሉውን ይበሉት፤ የምትፈቱት ግን አንዱን መስመር ብቻ። «በሰላመ ገብርኤል»ን ከዚያ በኋላ በዚሁ መንገድ ያዙ። መልአኩ እመቤታችንን ሰላም ያለበትን ታሪክ ሉቃስ 1 ላይ መጀመሪያ እንደ ተረት አውሩላቸው፣ ጸሎቱ ራሱ ይፈታላቸዋል። ግእዙ፣ «አቡነ ዘበሰማያት»፣ አማርኛው ከገባቸው በኋላ ይምጣ። ዜማው ደስ ይላቸዋልና አይቸገሩም።

5. ከዚያ በራሱ ቃል ያውራ

የዘወትር ጸሎት የቤቱ ግድግዳና ጣራ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሰው ይኖራል። ከ«አባታችን ሆይ» በኋላ ለልጁ ዝም ብላችሁ ቦታ ስጡት። መግቢያ ካስፈለገው ሦስት ቃል አቀብሉት፦ «ተመስገን»፣ «ይቅር በለኝ»፣ «አደራህን»። ለመጀመሪያ ጊዜ «አሁን አንተ ንገረው» ስለው ልጄ ያለው እንደ ወረደ ይህ ነው፦

«እግዚአብሔር፣ ዛሬ ኳስ ተጫወትን። አራት ለሁለት አሸነፍን። ተመስገን። ከዚያ አንዱ ልጅ ገፋኝ። ግን እኔም ቀድሜ ገፍቼው ነበር። ይቅር በለኝ። የአባዬን መኪና አደራህን፣ ደጅ ነው ያደረችው። እሺ ቻው።»

እናቴ እዚያው ነበረች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ልታርመው ነው ብዬ ነበር፣ ለካ ሳቋ አምልጧት ነው። እኔም አላረምኩትም። በሌላ ቀን፣ ከጸሎት ውጪ፣ «አሜን» ማለት «እውነት ነው፣ ይሁን» ማለት እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ «አሜን። ቻው» ይላል። ይበል።

ሕጉ አንድ ነው፦ ልጅ እየጸለየ አይታረምም። ለሞተ ዶሮ ቢጸልይም፣ ብስክሌት ቢጠይቅም፣ አክስቱን «ብዙ ታወራለች» ብሎ ቢከስም። የሰዋስው ስሕተትም አይታረምም። ቃል ካጣ ደግሞ አትቀድሙት። ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ተቆጣት። ከልጅ ጸሎት አጠገብ ዔሊን መሆን ቀላል ነው።

የዚያችው ሐና ልጅ የሳሙኤል ታሪክ ለማዳመጥ ይጠቅማል። ሦስት ጊዜ ስሙ ተጠርቶ ሦስቴም ወደ ዔሊ ሮጠ። በመጨረሻ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» አለ። እኛ ቤት ከጸሎት መጨረሻ እስከ አሥር እንቆጥርና ዝም እንላለን። ትንሿ ልጄ አንድ ጊዜ «ምን አለሽ?» ስላት «ውሻው እየጮኸ ስለሆነ አልሰማሁም» ብላኛለች።

ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ ችግሯ የኔ ተቃራኒ ነው። የእሷ ልጆች በራሳቸው ቃል መጸለይ አልከበዳቸውም። ግን የትልልቆቹን ድምፅ፣ የእነሱን ሐረግና የእነሱን ጩኸት ቀድተው ይጸልያሉ። የራሳቸው ነገር አልተገኘም። እሷ ልጆቿን መኪና ውስጥ፣ በተራ ድምፅ ማጸለይ ጀመረች። እኔ ከሷ ነፃነቱን ወሰድኩ፤ እሷ ከኔ መዝሙረ ዳዊትን በቃል ማስያዝ።

6. አማርኛችን ራሱ ይጸልያል፤ አሳዩት

ልጅ ቢያስነጥሰው «ይማርህ» እንላለን። እሱም «ያኑርህ» ይላል። ማን ነው የሚምረው? ማን ነው የሚያኖረው? «እንዴት አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ሰው ሞተ ሲባል «ነፍስ ይማር»። ውኃ ላቀበለ «እደግ፣ ተመንደግ»። ቀኑን ሙሉ ስንጸልይ እንውላለን፤ ማንን እያናገርን እንደሆነ ብቻ ረስተነዋል። ለልጁ እንደ እንቆቅልሽ ስጡት፦ «ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ የሰማኸውን ጸሎት ቁጠር።» የኔው አንድ ቅዳሜ ሃያ ሦስት ቆጥሯል። አሥራ አንዱ የአያቱ ነው።

ግን ተዘጋጁ፣ ጥያቄ ይመጣል። መንገድ ላይ «ስለ ማርያም» ያሉንን አዛውንት «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አለፍኩ። «እማዬ፣ እግዚአብሔር እንዲሰጣቸው ጸለይሽ ወይስ የለኝም አልሽ?» ተመለስኩና ሰጠሁ። ባይኖረኝ ኖሮም ማታ ስማቸውን ሳናውቅ ልንጠራቸው እንችል ነበር። ያለፍናቸውን ማታ መጥራት አሁን ልማድ ሆኗል።

ማዕድ ላይ ጸሎቱን ልጁ ይምራ። ምግቡ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አታጣድፉት።

7. ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ሥራ ስጡት

ቅዳሴ ለልጅ ረጅም ነው፣ ማስመሰል አያስፈልግም። ሁሉንም እንዲረዳ አትጠብቁ። አንድ ነገር ብቻ ይጠብቅ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሰሃለነ» ይላል፤ «አቤቱ ይቅር በለን» ማለት ነው። ይህን ጠብቆ ከሁሉ ጋር መመለስ የእሱ ድርሻ ይሁን። ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ታዩታላችሁ።

ፍልሰታ ትልቁ በር ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የሰፈር ልጆች ሁሉ ያስቀድሳሉ፣ ይቆርባሉ። የመጀመሪያ ጾሙን እንደ አቅሙ፣ በንስሐ አባት ምክር፣ እዚያ ይሞክር። ጓደኛ ያለበት ጸሎት ይለምዳል።

8. የለመነው ሳይሆን ሲቀር

ይህን ምዕራፍ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

አባባ፣ የባለቤቴ አባት፣ ታመው ነበር። ልጄ በየማታው «አባባን አድንልኝ» ይላል። ጠበል ቀዳን፣ ሐኪም ቤት ተመላለስን። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ለቅሶ ቤት አንዷ ሴትዮ ልጁን አቅፈው «እግዚአብሔር ስለወደዳቸው ነው የወሰዳቸው» አሉት። በፍቅር ነው ያሉት። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ማታ ግን ልጄ አልተኛም። «እኔንም በጣም ይወደኛል እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እንዳይወሰድ ፈርቷል።

ስለዚህ ያንን አረፍተ ነገር ለልጅ አትበሉ። «እምነትህ ስላነሰ ነው»ም አትበሉ። «ስለረበሽክ ነው» ፈጽሞ አይባልም። ምክንያቱን አላውቅም ማለት ይቻላል። እኔ ያን ማታ «አላውቅም» ነው ያልኩት። ከዚያ የጌቴሴማኒን ታሪክ ነገርኩት። ጌታችን ራሱ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለመነ። ጽዋዋ አላለፈችም። አባቱ ግን ጥሎት አልሄደም። ቅዱስ ጳውሎስም ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ እንደዚያው ኖሯል።

ከተቆጣ ይቆጣ። ዳዊት መዝሙሩ ላይ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሏል፤ ያ ቃል እስከ ዛሬ ጸሎት ሆኖ ይነበባል። ልጄ ለአራት ቀን አልጸለየም። አላስገደድኩትም። አጠገቡ ቆሜ እኔ ጸለይኩ። በአምስተኛው ቀን «አሁን ለአባባ ምን ይባላል?» አለኝ። «ነፍሳቸውን አሳርፍልን ይባላል» አልኩት፣ በክርስትና ስማቸው። «አድንልኝ» የነበረው «አሳርፍልኝ» ሆነ። እስካሁን ስማቸው ከዝርዝሩ አልወጣም።

9. ልጆቹ ውጭ አገር ካደጉ

በአጭሩ፦ ልጁ በሚናደድበት ቋንቋ ይጸልይ። ዋሽንግተን ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያልመው፣ የልቡንም በእንግሊዝኛ ያውራ። ማማተቡንና «አባታችን ሆይ»ን ግን በአማርኛ ይያዝ፤ አያቱ ጋ ሲደውል አብረው የሚሉት አንድ ነገር ይኖረዋል። በተቃራኒው እናት ዓረብ አገር፣ ልጅ እዚህ አያት ጋ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። የማውቃት አንዲት እናት ሥራ ጨርሳ ስትደውል ልጇ ጋር በስልክ «አባታችን ሆይ» ብለው ነው የሚዘጉት። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ልጅቷ ከቆመበት ትቀጥላለች። እናቷ ያንን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

10. የማይደረጉ፣ በፍጥነት

ጸሎት ቅጣት አይሁን። «ስለበጠበጥክ አሥር ጊዜ ድገም» የተባለ ልጅ ጸሎትን ከኩርኩም ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። «እግዚአብሔር ይቀጥፍሃል» አይባል። ለእንግዳ ማስደገም ይቅር፤ እኔም ትቻለሁ፣ እንግዶቹም የተከፉ አይመስለኝም። ታሞ ወይ እንቅልፍ ጥሎት ከሆነ እናንተ አማትቡለት፣ ይበቃል። አንድ ሳምንት ቢቋረጥ ንግግር አታብዙ፤ በማግስቱ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ጥጉ ጋ ቁሙ።

አሁን ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ባለፈው የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ዋዜማ ጥጉ ጋ ቆመን «አባታችን ሆይ» እያልን ነበር። «ወደ ፈተና አታግባን» ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ሥዕሉ ቀና ብሎ «የነገውን ማለቴ አይደለም» አለ። «የነገው እገባለሁ። አንተም ና። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ በስተግራ ሁለተኛው ክፍል።»

ከዚያ ከቆመበት ቀጠለ።